በሲኤምሲ ሜዳ ላይ የሚሰነጠቅ ግድግዳ

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ አካባቢ ቤት የገዙ አንባቢ፣ ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ በየበጋው እየሰፋ፣ በክረምት ደግሞ እየጠበበ እንዳስቸገራቸው ጽፈዋል። ስንጥቁ በልስን ቢደፈንም ተመልሶ መከፈቱን፣ «ሰፈሩን ጣሊያኖች ስለሠሩት መሬቱ ጽኑ ነው» መባላቸውንም ገልጸዋል።

ውድ ጠያቂ፣ ስሙ በእርግጥ የጣሊያን ነው፤ በ1901 እ.ኤ.አ. በራቬና ከተማ በግንበኞችና በሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበርነት ከተመሠረተው ተቋራጭ የተወረሰ ነው። ስለ መሬቱ ጽናት ግን ከዚህ ምንም ማወቅ አይቻልም። መሬቱን ለማወቅ አቀማመጡን መመልከት ያስፈልጋል።

አካባቢው በሰሜን ከእንጦጦና ከየካ ተራሮች በታች የተዘረጋ ሲሆን፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር ይታያል። እነዚህ ተራሮች ሁሉ ከእሳተ ገሞራ የተገኙ ናቸው፤ ከሥርም ያለው ዐለት በአብዛኛው ባዛልት (ከቀለጠ ዐለት የረጋ ጥቁር ድንጋይ) እና ኢግኒምብራይት (ከጋለ የእሳተ ገሞራ አመድ የጠጠረ ድንጋይ) ነው። ውኃ ፈጥኖ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ዐለቱ ሲበሰብስ ቀይ አፈር ይሆናል፤ ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ግን ዋልካ፣ በግንባታ ቦታ ብላክ ኮተን የምንለው ጥቁር አፈር ይፈጠራል። ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይኮማተራል። የቀለጠው ዐለት ፈስሶ የረጋበት ገጽ ወጣ ገባ በመሆኑ፣ ጎረቤትዎ አንድ ሜትር ቆፍሮ ዐለት ሲያገኝ እርስዎ በሦስት ሜትር ገና ጥቁር አፈር ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ።

በቤቱ መሐል ሥር ያለው አፈር እርጥበቱን ሲጠብቅ፣ በዳር ያለው በበጋ ደርቆ ይወርዳል፤ ማዕዘኖቹ አብረው ሲወርዱ ግድግዳው በሰያፍ ይቀደዳል። ስንጥቁን በበጋ በሲሚንቶ መድፈን ጉዳት አለው፤ ክረምት ገብቶ አፈሩ ሲያብጥ ክፍተቱ መዘጋት ስለማይችል ግድግዳው በሌላ ቦታ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ በስንጥቁ ላይ ስስ የጄሶ ማኅተም (ግድግዳው ሲንቀሳቀስ የሚሰበር ምልክት) አድርገው ቀኑን ይጻፉበትና ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይከታተሉት። ስንጥቁን ከመጠገን በፊት ሊደረግ የሚገባው ሥራ በመሠረቱ ዙሪያ ያለው እርጥበት እንዳይለዋወጥ ማድረግ ነው፤ የጣሪያው አሸንዳ ውኃውን በግድግዳው ሥር እንዳያፈስ በቧንቧ ወደ ሩቅ ቦይ ይውሰዱት፣ በቤቱ ዙሪያም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የኮንክሪት ንጣፍ ያሠሩ። የቧንቧና የሽንት ቤት ጉድጓድ ፍሳሽ ካለ ሳይውል ሳያድር ይጠገን። ባሕር ዛፍ ከአፈሩ ብዙ ውኃ ስለሚስብ፣ ቢያንስ በቁመቱ ያህል ከቤቱ መራቅ አለበት። ስንጥቁ ከአምስት ሚሊ ሜትር ከሰፋ ወይም ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) ወይም ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ከነካ፣ ጉዳዩ ከግንበኛ አቅም በላይ ነውና የስትራክቸር መሐንዲስ ይጥሩ።

ወደፊት በግቢዎ ተጨማሪ ቤት ካሰቡ፣ በጎረቤት ጉድጓድ ላይ ተመሥርተው አይወስኑ፤ በሚሠራው ቤት በየማዕዘኑ ያስቆፍሩ። ጥቁሩ አፈር የሚነሣ ከሆነ ቦታውን በልቅ ድንጋይ አይሙሉት፤ በድንጋዮቹ መካከል የሚገባው ውኃ መውጫ አጥቶ ከሥርና ከጎን ያለውን ጥቁር አፈር ያሳብጠዋል። ውኃ በቀላሉ የማያሳልፍ፣ የማያብጥ የተመረጠ አፈር ከ20 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ንብርብር እየተነጠፈ በሚገባ ይጠቅጠቅ።