ያልተገደበ ዳታ የተደበቀ ገደብ አለው? ለኮምቦልቻዋ የፎቶ ኮፒ ሱቅ

ጥያቄውን ላላያችሁት፦ እህታችን ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አካባቢ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ሱቅ አላት። ወርሃዊ ያልተገደበ ፓኬጅ ገዝታ ከስልኳ በሆትስፖት ለሁለት ኮምፒውተር ታካፍላለች። የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ጉድ ይሮጥ ነበር። አሁን ተማሪ በቴሌግራም የላከላት ፒዲኤፍ እስኪወርድ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። «የደበቁብኝ ገደብ አለ ወይስ ኔትወርኩ ነው የተበላሸው?» ነው የምትለው።

እህቴ፣ ገደብ አለ። ተደብቋል ለማለት ግን ይከብዳል፤ ማንም በማያነበው ውል ውስጥ ተጽፎ ነው የሚገኘው። ሌላው ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ «ገደብ ጣሉብኝ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው ገደብ ሳይሆን የታወር መጨናነቅ ወይም የስልኩ የራሱ ችግር ነው። ሁለቱን ሳትለዪ ፓኬጅ ብትቀያይሪ ብርሽን ብቻ ነው የምትጨርሺው።

መጀመሪያ ገደቡ የት እንደሚቀመጥ። ያልተገደቡ ፓኬጆች ውል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ «ፍትሃዊ አጠቃቀም» የሚል አንቀጽ አለ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የተወሰነ ጊጋ እስክትደርሺ በሙሉ ፍጥነት ትጠቀሚያለሽ፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ አይቋረጥም፣ ከዋናው ሂሳብም አይቆረጥም፣ ፍጥነቱ ግን ጣሪያው እስኪታደስ ወይም ፓኬጁ እስኪያበቃ ይወርዳል። አንዳንዱ ጣሪያ በቀን፣ አንዳንዱ በወር ይቆጠራል። በቀን የሚቆጠረው በማግስቱ ይታደሳል። በወር የሚቆጠረው ግን ባንቺ ላይ እንደደረሰው በአንድ ሳምንት ካለቀ ቀሪውን ሦስት ሳምንት በኤሊ ያስኬድሻል።

ስለዚህ ከውሉ የሚፈለገው ሁለት ቁጥር ነው፦ ስንት ጊጋ ላይ ይወርዳል፣ ወደ ስንትስ ይወርዳል? የመጀመሪያውን ሁሉም ይጠይቃል፣ ሁለተኛውን የሚጠይቅ ግን የለም፤ ለሱቅሽ ወሳኙ እሱ ነው። እስኪ እናስላው። ፍጥነቱ ወደ 1 ሜጋቢት በሰከንድ ቢወርድ (8 ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው) በሰዓት 450 ሜጋባይት ያህል ታወርጃለሽ፤ 20 ሜጋባይት የመመረቂያ ጽሑፍ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይገባል፣ ሥራ አይቆምም። ወደ 128 ኪሎቢት ቢወርድ ግን በሰዓት የምታገኚው 58 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ያው ጽሑፍ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ሁለቱም ፓኬጅ ማስታወቂያው ላይ «ያልተገደበ» ነው የሚባለው። እኔ ብሆን የመጀመሪያው ጣሪያ ትንሽ ቢሆንም የሚወርድበት ፍጥነት ደህና የሆነውን እመርጣለሁ።

ቁጥሮቹን በ*999# ወይም በ*777# ዝርዝር ላይ አታገኚያቸውም፤ እዚያ የሚታየው ስምና ዋጋ ነው። በመተግበሪያው ውስጥ የፓኬጁን ዝርዝር መግለጫ ከፍተሽ እስከ ታች አንብቢ፣ ስክሪን ሾት አድርገሽም አስቀምጪ። በስልክ የምትጠይቂ ከሆነ (ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ሳፋሪኮም 700) «ገደብ አለው ወይ?» አትበዪ፤ «የለውም» ተብሎ ያልቃል። «ከስንት ጊጋ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል? ወደ ስንት? በሆትስፖት ማካፈል ይፈቀዳል?» ብለሽ ጠይቂ።

ይሄ የእኛ አገር ብቻ ጉዳይ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የስልክ ኩባንያውን ኤቲ ኤንድ ቲን በ2014 (እ.ኤ.አ.) የከሰሰው ያልተገደበ ዳታ ሸጦ የደንበኞቹን ፍጥነት ይቀንሳል ብሎ ነው፤ እንደ ክሱ አንዳንዶቹ በወር 2 ጊጋ ብቻ እንደተጠቀሙ ነበር የሚቀነስባቸው። ኩባንያው በ2019 60 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2018 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሳንታ ክላራ አውራጃ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ሰደድ እሳት ላይ ተሰማርቶ ሳለ ቬራይዘን የሚባለው የስልክ ኩባንያ የመስመሩን ፍጥነት ቀነሰበት። የገዙት ፓኬጅ ያልተገደበ የሚባለው ነበር።

ሁለተኛው ገደብ ቅድሚያ ማጣት ነው። ጣሪያውን ያለፈ ደንበኛ ፍጥነቱ በቁጥር ሳይቀነስ፣ ታወሩ ሲጨናነቅ ብቻ ከሌሎች ኋላ እንዲሰለፍ ይደረጋል። ንጋት ላይ ይሮጣል፣ ማታ ይሞታል። ከተራ መጨናነቅ ለመለየት አስቸጋሪው ይሄ ነው፤ ከታች መለያውን አስቀምጣለሁ።

ሦስተኛው አንቺን በቀጥታ የሚነካው ነው፦ ሆትስፖት። የስልክ ያልተገደበ ፓኬጅ ለአንድ ስልክ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ ማካፈልን የሚከለክል ወይም ለብቻው ጣሪያ የሚያበጅለት ውል አለ። «ከስልኬ እንደሚወጣ በምን ያውቃሉ?» ለሚል፦ እያንዳንዱ የዳታ ጥቅል ቲቲኤል የሚባል ቁጥር ይዞ ይወጣል። ከአንድሮይድ ስልክ ሲወጣ 64፣ ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ሲወጣ 128 ነው፣ በሚያልፍበት መሣሪያ ሁሉ አንድ ይቀነሳል። ከስልክሽ 64 መምጣት ሲገባው ከኮምፒውተርሽ 127 ሲመጣ፣ ከኋላ ሌላ ማሽን እንዳለ ለኔትወርኩ ግልጽ ነው። ይህን ቁጥር በፕሮግራም እንቀይርልሻለን የሚሉ ልጆች አሉ፤ ሲም የሚያዘጋ የውል ጥሰት ስለሆነ ለሱቅ መስመር አይመከርም።

የሶሻል ሚዲያ ያልተገደበ ፓኬጅ ለሚጠቀሙ ደግሞ በአጭሩ፦ ቪፒኤን ከበራ ኔትወርኩ የትኛው መተግበሪያ እንደሆነ ማየት ስለማይችል ሁሉም ከሌላው ዳታ ወይም ከካርድ ይቆረጣል። ቴሌግራም ውስጥ ያለ የዩቲዩብ ሊንክም ሲከፈት የሚቆጠረው ዩቲዩብ ሆኖ ነው።

የማብቂያ ሰዓትም ብዙ ሰው ያጣላል። ኤስኤምኤሱ ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ነው፤ 18:00 ማለት ምሽት 12 ሰዓት እንጂ ሌላ አይደለም። የ30 ቀን ፓኬጅም የሚቆጠረው ከገዛሽበት ቅጽበት ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከተገዛ በ30ኛው ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያበቃል። ዳታው እንደበራ ከቆየ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ኮምፒውተሮቹ ዋናውን ሂሳብ ይበሉታል። በዚያ ሲም ላይ ብዙ ካርድ አታስቀምጪ።

አሁን ወደ ምርመራው። ሆትስፖቱንና ቪፒኤኑን አጥፊ፣ ስልኩን ብቻውን አስቀሪ። በአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን»፣ ከዚያ «ስታተስ»፣ ከዚያ «ሲም ስታተስ» ግቢ። ሲግናሉ በዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በራቀ ቁጥር ሲግናሉ ደካማ ነው) ተጽፎ ታገኚዋለሽ። በ4ጂ ከ-90 የተሻለ (-85፣ -80) ከሆነ ጥሩ ነው፤ -100 አካባቢ ይሠራል፤ ከ-110 በታች ከሆነ ስለ ፓኬጅ ማውራት ይቆይ፣ ችግሩ ሲግናል ነው። ከላይ የሚታዩትን የሲግናል መስመሮች አትመኚ፤ ከስልክ ስልክ ይለያያሉ።

ከዚያ በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ እዚያው ቦታ ላይ ስፒድ ቴስት አድርጊ፦ ንጋት 11 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓት፣ ምሽት 2 ሰዓት። ሙከራው ራሱ ዳታ ይበላል፤ ፍጥነቱ 40 ሜጋቢት ከሆነ አንዱ ብቻ ከ50 ሜጋባይት በላይ ስለሚወስድ መደጋገም አያስፈልግም።

ውጤቱ እንዲህ ይነበባል። ሲግናሉ ጥሩ ሆኖ ሦስቱም ጊዜ ያው ቁጥር ከመጣ፣ ለምሳሌ 0.98፣ 1.01፣ 0.99፣ ያ የተጣለ ገደብ ነው። መጨናነቅ እንዲህ እኩል አድርጎ አይቆርጥም። ንጋት ላይ 25፣ ቀትር ላይ 9፣ ማታ 2 ከሆነና ፒንጉ (መልስ እስኪመጣ የሚወስደው ጊዜ) ማታ ማታ እጥፍ ድርብ ከሆነ መጨናነቅ ነው፣ ወይም ያ ያልኩሽ ቅድሚያ ማጣት። እዚህ ላይ የሚፈርደው ሁለተኛ ሲም ነው። የዚያው ኩባንያ ሌላ ሲም ተውሰሽ፣ ተራ የቀን ፓኬጅ ሞልተሽ፣ እዚያው ስልክ ውስጥ ከተሽ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሞክሪ። እሱም 2 ሜጋቢት ካመጣ ታወሩ ተጨናንቋል፤ ማንም አንቺን ለይቶ አልቀነሰብሽም። እሱ 10 አምጥቶ ያንቺው 2 ከሆነ ግን ጣሪያሽን አልፈሻል። በሌላ ኩባንያ ሲም ማወዳደር ምንም አያሳይም፣ ኔትወርኩ ሌላ ነውና። በሌላ ስልክ ማወዳደርም እንደዚያው።

ቪዲዮ ብቻ ከሆነ የሚቆራረጠው፣ ፋስት ዶት ኮም ላይም ለኪ። እሱ የሚለካው ከኔትፍሊክስ ሰርቨሮች ስለሆነ፣ ተራው ስፒድ ቴስት 15 ብሎ ፋስት በተደጋጋሚ 2 ካለ የቪዲዮ ፍጥነት ተለይቶ የተወሰነ ሊሆን ይችላል።

የቦታውን ነገር አትርሱ። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሃል የተሰካች ከተማ ናት፤ አንድ መንገድ ተሻግረሽ የዲቢኤሙ ቁጥር በ15 እና በ20 ሊለወጥ ይችላል። ፒያሳ ላይ ሲግናሉ ጠንካራ ሆኖ ፍጥነቱ የሚወርደው ሕዝቡ ስለሚበዛ ነው፤ ገደሉ ጥግ ያለው ሰፈር ደግሞ ሕዝብ ሳይኖርም በሲግናል እጦት ይጎተታል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርጂ ስልኩ ከታወር ታወር እየዘለለ ስለሚሄድ መንገድ ላይ የተለካ ፍጥነት ለክርክር አይሆንም። ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነች በሲግናል በኩል ትሻላለች፤ ግን ፋብሪካዎቹና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ ሲቀይሩ፣ ተማሪውም ማታ ዶርም ሲገባ፣ በአንድ ታወር ላይ ስንት ሰው እንደሚሰቀል መገመት ነው።

ሁለት የስልክ ችግሮችም እንደ ገደብ ይታያሉ። አንደኛ፣ ቮልቲ (በ4ጂ ላይ ጥሪ ማድረጊያ) ያልበራለት ስልክ ሲደወልለት ከ4ጂ ወደ 3ጂ ይወርዳል፤ ጥሪው ካለቀ በኋላም አንዳንዴ እዚያው ተሰክቶ ይቀራል። ደንበኛ በሚደውልበት ስልክ ሆትስፖት መስጠት ለዚህ ነው የማይመከረው። ኤርፕሌን ሞዱን አብርቶ ማጥፋት ይመልሰዋል፤ ዘላቂው ግን ማንም ቁጥሩን የማያውቀው ለብቻው የሆነ ሲም ነው። ሁለተኛ፣ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ቀኑን ሙሉ ሆትስፖት የሚሰጥ ስልክ ይግላል፣ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳል። የኮምቦልቻ ሙቀት እንደ ደሴ አይደለም። ከሽፋኑ አውጥተሽ ከፎቶ ኮፒው ማሽን ራቅ አድርጊው፤ ማሽኑ የሚተፋው ትኩስ አየር ላይ ተቀምጦ ከሆነ ምክንያቱን አገኘሽ።

ጣሪያው በሳምንት የሚያልቀው በፒዲኤፍ ብቻ አይደለም። ዋናው በላተኛ ዊንዶውስ ነው፤ አንድ ትልቅ አፕዴት ብዙ ጊጋ ነው፣ ባንቺ ቤት ደግሞ ሁለቴ ይወርዳል። በሁለቱም ኮምፒውተር ሴቲንግ፣ ኔትወርክ፣ ዋይፋይ ገብተሽ፣ የሆትስፖትሽን ስም ከፍተሽ «ሜትርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሪ። ይሄ የሚያዘው በዋይፋዩ ስም ነው፤ የሆትስፖቱን ስም ከቀየርሽ እንደ አዲስ ማብራት ይኖርብሻል። ዴስክቶፕ ቴሌግራም ላይ የፎቶ፣ የቪዲዮና የፋይል አውቶማቲክ ማውረድን ሦስቱንም አጥፊ፤ የሱቅ አካውንት ውስጥ ያሉ ግሩፖች ቪዲዮ ሳይታይ ይወርዳል። የሆትስፖቱን የይለፍ ቃል ቀይሪ፣ የሚገናኙትን መሣሪያዎች ብዛትም በሁለት ገድቢ፤ ባለፈው ወር የነገርሽው ተማሪ ዛሬም በር ላይ ቆሞ ይጠቀማል። ከዚያ በስልኩ የዳታ አጠቃቀም ገጽ ላይ የዑደት መጀመሪያውን ፓኬጁን የገዛሽበት ቀን አድርጊው፤ ለሆትስፖት የወጣውን ለብቻው የሚያሳይ መስመር ስላለው ስንት ጊጋ ላይ እንደወረደብሽ በሚቀጥለው ወር በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

ለሱቅ ግን፣ ሰፈርሽ መስመር የሚደርስ ከሆነ፣ የቤትና የቢሮ ዋይፋይ ነው የሚያዋጣሽ። እሱም ውስጥ የአጠቃቀም አንቀጽ ሊኖር ስለሚችል እነዚያን ሁለት ቁጥሮች እዚያም ጠይቂ። ድክመቱ መብራት ሲጠፋ ሞደሙ አብሮ መጥፋቱ ነው፤ ለዚያ ቀን በስልክ የምትገዢው ትንሽ የቀን ፓኬጅ ይበቃል።

ውሉ ላይ ያልተጻፈ ቅነሳ ካገኘሽ ደግሞ ቅሬታ አስመዝግቢ፣ የቅሬታውንም ቁጥር ያዢ። ኩባንያው ካልመለሰልሽ ተቆጣጣሪው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። «ኔት ቀስ ይላል» ብቻ ተብሎ የቀረበ አቤቱታ የትም አይደርስም፤ የፓኬጁ መግለጫ ስክሪን ሾት፣ የግዢው ኤስኤምኤስ፣ የሁለቱ ሲሞች ውጤት ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይያዝ። የዲቢኤሙን ቁጥርና የሦስቱን ሰዓት ውጤት እዚህ ስር ጻፊልን፤ የስልክሽንም ሞዴል ጨምሪበት፣ ቮልቲ ይዞ እንደሆነ አብረን እናያለን።