ተሳቢውን ሳያዩ «ፒክ አፕ»ን መተርጎም ለምን ያስቸግራል?

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፤ «ፒክ አፕ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ መጀመሪያ ያወቁት «ማንሳት» በሚለው ትርጉሙ ነበር፤ በኋላ ግን በአንዱ ጽሑፍ ቋንቋ መልመድ፣ በሌላው ሰውን በመኪና መውሰድ፣ በሦስተኛው ደግሞ የንግድ መነቃቃት ሆኖ አገኙት። ስለዚህ ትርጉሞቹን ሁሉ በቃል ማጥናት ይኖርብኛል ወይ፣ በሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ብጠቀምበትስ ያስነቅፈኛል ወይ ሲሉ ጠይቀዋል። እንግሊዝኛን ለአዋቂዎች ሳስተምር በተደጋጋሚ የሚቀርብልኝ ጥያቄ በመሆኑ፣ በክፍል ውስጥ ካየሁት በመነሳት ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

በቅድሚያ ችግሩ የእርስዎ ብቻ እንዳልሆነ ልግለጽ። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ከግስ ኋላ ትንሽ ቃል እየተጨመረ የግሱ ትርጉም የሚለወጥበት አሠራር ለውጭ አገር ሰዎች ከፍተኛ ችግር እንደሚፈጥር አስፍሯል። እንደ «ፒክ አፕ» ላሉት እንዲህ ዓይነት ግሶች የተሰጠው «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው መጠሪያ እንኳ ገና ባልታወቀበት ዘመን የተጻፈ ቢሆንም፣ ዛሬም ተማሪዎቼ የሚሉት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ትርጉሞቹን በተራ ቁጥር ዘርዝሮ መሸምደድን አልመክርም። በዝርዝር የተጠና ትርጉም ለፈተና ይጠቅም ይሆናል እንጂ፣ ሰው ሲናገር ሰምቶ ወዲያው ለመረዳት አያደርስም። የምመክረው ግሱን ከመተርጎም በፊት የሚነሳው ነገር ምን እንደሆነ፣ ማለትም ተሳቢውን መመልከት ነው። ተሳቢው ዕቃ ከሆነ ትርጉሙ ማንሳት ነው፤ ሰው ከሆነ ሄዶ መውሰድ፣ ቋንቋ ወይም ሙያ ከሆነ መልመድ፣ ሕመም ከሆነ መያዝ፣ የሬዲዮ ሞገድ ከሆነ መቀበል ይሆናል። ተሳቢ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ፣ የስልኩን አገባብ ለጊዜው ትተን፣ ባለቤቱ ራሱ ከነበረበት ከፍ አለ ወይም በረታ ማለት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ሥር ያለው ሐሳብ አንድ ነው፤ ከእኔ ውጭ የነበረ ነገር ወደ እኔ ገባ፣ ወይም ዝቅ ብሎ የነበረው ከፍ አለ። ይህ ከተያዘ የቀረው በንባብና በመስማት የሚሞላ ነው።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ጥሩ መነሻ ይሰጠናል። «አነሳ» በሚለው ግሳችን የወደቀ ብዕር እናነሳለን፣ የሚያለቅስ ሕፃን እናነሳለን፣ ስልክ እናነሳለን፤ አሽከርካሪም ተሳፋሪ ከመንገድ ያነሳል። በእነዚህ በአራቱም «ፒክ አፕ» ያለ ሥጋት ይገባል። አደጋው ያለው ከዚህ ባለፈ ዝምድናውን አምኖ በመቀጠል ላይ ነው። ፎቶ ማንሳት በእንግሊዝኛ «ቴክ»፣ ጥያቄ ማንሳት «ሬይዝ»፣ እገዳ ማንሳት «ሊፍት»፣ ገንዘብ ከባንክ ማንሳት «ዊዝድሮው» ነው። በጽሑፍ ከማርማቸው ስሕተቶች መካከል በስብሰባ ላይ ጥያቄ መነሳቱን በ«ፒክ አፕ» መግለጽ ተደጋግሞ ይታያል፤ ጸሐፊው በአማርኛ ያሰበውን ግስ ብቻ ተርጉሞ፣ አብሮት የሚሄደውን ስም ሳያይ በመቅረቱ የሚመጣ ነው።

በስልኩ ጉዳይ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ትርጉሙ እየታወቀ አገባቡ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «ደወልኩለት፣ አላነሳልኝም» እንላለን። «-ልኝ» የምትለዋን ምዕላድ ወደ እንግሊዝኛ ለማሻገር ሲሉ ብዙዎች «ሂ ዲድንት ፒክ ሚ» ይላሉ፤ ይህ ግን «አልመረጠኝም» ማለት ነው፤ «ፒክ» ብቻውን መምረጥ ወይም እንደ አበባና ፍሬ ያለውን መቅጠፍ ነውና። «ሂ ዲድንት ፒክ ሚ አፕ» ብለው «አፕ»ን ቢጨምሩበትም ነገሩ አይቃናም፤ ሰሚው «ሊወስደኝ አልመጣም» ብሎ ይረዳዋል። ትክክለኛው «ሂ ዲድንት ፒክ አፕ» ነው፤ እዚያው ላይ ያበቃል። ለማን እንዳላነሳ መናገር አያስፈልግም፤ የሚነሳው ስልኩ እንጂ ደዋዩ አይደለምና። «ስልኩን» ማለት ካስፈለገም «ፒክ አፕ ዘ ፎን» ይባላል። ይኸኛው አባባል እንደ አገባቡ መደወልንም ሊያመለክት ስለሚችል፣ አንድ ሰው «ችግር ካጋጠመህ ፒክ አፕ ዘ ፎን» ቢልዎት ደውልልኝ ማለቱ ነው።

ሌላው ሰፊ ችግር የተውላጠ ስም አቀማመጥ ነው። ተሳቢው ስም ሲሆን «ፒክ አፕ ዘ ቡክ» ማለትም «ፒክ ዘ ቡክ አፕ» ማለትም ይቻላል። ተሳቢው «ኢት»፣ «ሂም»፣ «ዜም» የመሰለ ተውላጠ ስም ሲሆን ግን ምርጫ የለም፤ መሃል ላይ መግባት አለበት፤ «ፒክ ኢት አፕ» እንጂ «ፒክ አፕ ኢት» አይባልም። እኛ ይህንን የምንስተው በከንቱ አይመስለኝም። በአማርኛ «አንሳው» ስንል ተሳቢውን የሚያመለክተው «ው» ከግሱ መጨረሻ ላይ ይለጠፋል፤ ስለዚህ «ፒክ አፕ»ን እንደ አንድ ግስ የያዘ ተማሪ «ኢት»ን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ የለመደውን ሥርዓት መከተሉ ነው። ለዚህ የማዘው ልምምድ ቀላል ነው፤ ግሱን በደብተርዎ ላይ ባዶውን አይጻፉት፤ ሁልጊዜ «ፒክ ኢት አፕ» ብለው ይጻፉት፤ ጮክ ብለውም ያንብቡት። ጆሮ ከለመደው በኋላ ሌላው ቅደም ተከተል ራሱ ይጎረብጣል። ተሳቢው ረጅም ሲሆን፣ ለምሳሌ «ትናንት ጠረጴዛው ላይ ትተኸው የሄድከውን መጽሐፍ» የሚል ሐረግ ሲኖር፣ «አፕ»ን ከግሱ ጎን አስቀምጦ ሐረጉን ወደ ኋላ ማድረግ ይሻላል፤ አለዚያ አድማጩ «አፕ»ን ሲጠብቅ ሐሳቡ ይጠፋበታል።

ሰውን ወይም ዕቃን ሄዶ መውሰድ በዕለት ተዕለት ንግግር እጅግ የተለመደው አገባብ ነው። ልጅን ከትምህርት ቤት፣ እንግዳን ከአውሮፕላን ማረፊያ፣ ጥቅልን ከፖስታ ቤት «ፒክ አፕ» ያደርጋሉ፤ ተቃራኒው፣ አድርሶ ማውረዱ፣ «ድሮፕ ኦፍ» ነው። ብሪታንያውያን በዚህ ቦታ «ኮሌክት» የሚለውንም ብዙ ይጠቀማሉ። ተሳቢው ሰው ሲሆን ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። ባለቤቱ ፖሊስ ከሆነ ትርጉሙ ይዞ መውሰድ ይሆናል፤ በመዝናኛ ሥፍራ ከማያውቁት ሰው ጋር ስለ መተዋወቅ ሲነገር ደግሞ የማሽኮርመም ትርጉም አለው። ስለዚህ ቦታውንና ሰዓቱን ጠቅሶ «በአሥር ሰዓት ከቢሮሽ እወስድሻለሁ» በሚል መልክ መናገር አሻሚነቱን ያስወግዳል።

መማርን በሚመለከት «ፒክ አፕ» ከ«ለርን» ጋር እኩል አይደለም። በመምህር፣ በመጽሐፍና በፈተና የተማሩትን ሳይሆን፣ ከሰዎች ጋር በመኖር፣ በመስማትና በማየት ሳይታወቅዎት የለመዱትን ነው የሚገልጸው። በአማርኛ «ከጎረቤቶቹ ጋር ሲውል ኦሮምኛ ለመደ» የምንለው ዓይነት ነው። ክፉ ልማድም፣ የአነጋገር ዘዬም፣ የሥራ ብልሃትም በዚሁ መንገድ «ፒክ አፕ» ይደረጋሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብተው ዓመታት የፈጁበትን ሙያ በዚህ ግስ ቢገልጹት ግን፣ በጨረፍታ ያገኙት ያስመስልብዎታል።

ለሕመም ሲሆን ደግሞ የባለቤትነቱ ነገር ይገለበጣል። እኛ «ጉንፋን ያዘኝ» ስንል ያዡ ጉንፋኑ፣ ተያዡ እኛ ነን። እንግሊዝኛው «አይ ፒክት አፕ ኤ ኮልድ» ሲል ባለቤቱ ሰውየው፣ ተሳቢው ጉንፋኑ ነው። ይህን ካላስተዋሉ «ዘ ኮልድ ፒክት ሚ አፕ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወጣል፤ ጉንፋኑ መኪና ይዞ የመጣ ያህል ይሆናል። አገባቡ ከሌላ ሰው ወይም ከአንድ ቦታ ለሚተላለፉ እንደ ጉንፋንና የሆድ ሕመም ላሉ ነገሮች እንጂ፣ እንደ ስኳር ላሉ የማይተላለፉ በሽታዎች አይደለም።

በመንገድ ላይ እግረ መንገድን ትንሽ ነገር መግዛትም «ፒክ አፕ» ነው፤ ወደ ቤት ሲመለሱ ዳቦ እንዲገዙ የሚጠየቁት በዚህ ግስ ነው። የአንድን ስብሰባ ወጪ በሙሉ መቻልም «ፒክ አፕ ዘ ቢል» ይባላል። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ክፍልን ማስተካከል፣ የተዝረከረከውን መሰብሰብም በዚሁ ግስ ይነገራል።

ስሜት ሕዋስና መሣሪያ የሚቀበሉት ነገርም እዚህ ይገባል። ማይክሮፎን ድምፅ፣ ሬዲዮ ጣቢያ፣ ውሻ ሽታ «ፒክ አፕ» ያደርጋሉ፤ የጊታር ክሮችን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ክፍል «ፒክአፕ» የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ሰው በግልጽ ያልተነገረውን ነገር ከድምፅ ወይም ከፊት ገጽታ ሲረዳ ግን «ኦን» ይጨመርበትና «ፒክ አፕ ኦን» ይሆናል፤ ይህኛው አይከፈልም፤ ተሳቢው ሁልጊዜ ከ«ኦን» በኋላ ይመጣል።

ተሳቢ የሌለውን አገባብ በተመለከተ ጠያቂያችን ያዩት የንግድ መነቃቃት ጥሩ ምሳሌ ነው። ገበያ ቀዝቅዞ ሲነቃቃ፣ ነፋስ ሲበረታ፣ የታመመ ሰው ሲያገግም ሁሉም «ፒክ አፕ» ያደርጋሉ። እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ። መዝገበ ቃላት ብዙ ጊዜ «መሻሻል» ብሎ ስለሚተረጉመው፣ የኢኮኖሚ ዜና የሚያነቡ ሰዎች «ኢንፍሌሽን ፒክት አፕ» የሚለውን የዋጋ ንረቱ ተሻሻለ ብለው ይረዱታል። ዜናው ያለው ግን ንረቱ ጨመረ ነው፤ ፍጹም ተቃራኒው። ባለቤቱ ሽያጭ ሲሆን መጨመሩ መልካም ነው፤ ባለቤቱ የዋጋ ንረት ሲሆን መጨመሩ መጥፎ ነው፤ ግሱ የሚናገረው መጨመሩን ብቻ ነው። የተርጓሚነት ሥራ የሚሠራ ሰው ይህን ቢያልፈው አንባቢን ያሳስታል። ያቋረጡትን ሥራ ወይም ወሬ ካቆሙበት መቀጠልም በዚሁ ግስ ይነገራል፤ «ካቆምንበት እንቀጥል» ለማለት «ሌትስ ፒክ አፕ ዌር ዊ ሌፍት ኦፍ» ይባላል።

ጠያቂያችን ባያነሱትም ስለ ድምፁ አንድ ነገር ልጨምር። ግሱ በኃላፊ ጊዜ ሲነገር መጨረሻው «ት» የሚል ድምፅ ስላለው ከ«አፕ» ጋር ተያይዞ «ፒክታፕ» ይሆናል። ብዙ ተማሪዎች ቃሉን በጽሑፍ እያወቁት በፊልም ወይም በዜና ሲሰሙት አዲስ ቃል የሚመስላቸው ለዚህ ነው። ግስ ሲሆን ጠበቅ ተደርጎ የሚነገረው «አፕ» ነው፤ ስም ሲሆን፣ ማለትም መኪናውን ወይም ዕቃ የመረከቡን ተግባር ሲያመለክት፣ ጥብቀቱ ወደ «ፒክ» ይሄዳል።

ወደ ማመልከቻ ደብዳቤው ልመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ፣ በዚያው ላይም ከላቲን እጅግ ብዙ ቃላት ስለወሰደ፣ ለአንድ ሐሳብ ለንግግር የሚቀርብ ፍሬዛል ቨርብና ለመደበኛ ጽሑፍ የሚስማማ ሌላ ግስ ጎን ለጎን ይገኛሉ። «ፒክ አፕ» ስድብ ወይም ነውር አይደለም፤ ለሥራ ባልደረባ በሚጻፍ ኢሜይልና ዕቃ ስለ መረከብ በሚጻፍ ማስታወሻ ላይ ምንም አይነቀፍም። በማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ግን ችሎታን ለመግለጽ «አኳየር» ወይም «ዴቨሎፕ»፣ በጥናታዊ ጽሑፍ ላይ መሣሪያ የመዘገበውን ለመግለጽ «ዲቴክት»፣ ያቋረጡትን ለመቀጠል «ሪዙም» ቢጽፉ ይሻላል። እንደ ምሳሌ፣ የሒሳብ አያያዝ ሶፍትዌርን በቀድሞ ሥራዎ ላይ መልመድዎን ሊገልጹ ቢፈልጉ፣ «ፒክት አፕ» ከማለት ይልቅ «አኳየርድ» ብለው ከጎኑ በሶፍትዌሩ ምን ምን እንደሠሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲቀርቡ ግን ስለዚያው ነገር «አይ ፒክት ኢት አፕ ኦን ዘ ጆብ» ቢሉ ጠያቂዎችዎ እንደ ጥሩ፣ ተፈጥሯዊ እንግሊዝኛ ይሰሙታል።