ከቡና ማሽን የሚወጣ ደስ የማይል ጣዕም፦ ጥያቄና መልስ

ለብዙ ዓመታት በቤቴ የተለያዩ የቡና ማሽኖችን (ሙቅ ውኃን በተፈጨ ቡና ላይ እያንጠባጠቡ ወደ ማንቆርቆሪያ የሚያወርዱትን) ስጠቀም፣ ስፈታና ሳጸዳ ስለቆየሁ፣ በዚህ ጉዳይ የሚቀርቡ ጥያቄዎችን ሁሉ እንደ አቅሜ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ። ጠያቂዎች ግን «ቡናው አይጥምም» ከማለት ይልቅ መራራ ነው ወይስ ኮምጣጣ፣ ምላስ ያደርቃል ወይስ የሌላ ነገር ሽታ አለው የሚለውን ለይተው ቢገልጹልኝ መልሱ ይቀላል፤ የእያንዳንዱ መንስኤ የተለያየ ነውና።

ጥያቄ፦ ከማሽኔ ሁልጊዜ መራራ ቡና ይወጣል። ምሬቱን ለመቀነስ የቡናውን መጠን ባሳንስም ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። የት ላይ ተሳሳትሁ?

መልስ፦ ምሬቱን ያባባሰው መጠኑን መቀነስዎ ነው። ሙቅ ውኃ የተፈጨ ቡና ሲያገኝ በመጀመሪያ ኮምጣጣ የሆኑትን፣ ቀጥሎ ጣፋጭነት የሚሰጡትን፣ በመጨረሻም መራራና ምላስ የሚያደርቁትን ነገሮች ይስባል። በጥቂት ቡና ላይ ብዙ ውኃ ሲያልፍ መልካሙ ጣዕም ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ የቀረው ውኃ ምሬቱን ብቻ ሟጥጦ ይወርዳል፤ ቡናው ቀጭንም መራራም የሚሆነው ለዚህ ነው። ለ1 ሊትር ውኃ ከ55 እስከ 60 ግራም ቡና በሚዛን መዝነው ይጨምሩ። ጠቁሮ የተቆላ ቡና ክብደቱ ስለሚቀንስ በማንኪያ መስፈር አያስተማምንም። ከዚያም መጠኑን ሳይነኩ አፈጫጨቱን ትንሽ ሸከር ያድርጉት፤ ነገር ግን ሁለቱን በአንድ ቀን ከለወጡ የረዳዎት የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይችሉም።

ጥያቄ፦ የእኔ ተቃራኒ ነው፤ ይኮመጥጣል፣ ቀጭንም ነው። ማሽኑ ሲገዛ እንዲህ አልነበረም።

መልስ፦ «ሲገዛ እንዲህ አልነበረም» ማለትዎ ወደ ማሞቂያው ይመራናል። ውኃው በቡናው ላይ ሲያርፍ ሙቀቱ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሆን ይገባል። ከውኃው ውስጥ የሚወጣው ካልሲየም ካርቦኔት በማሞቂያውና በቱቦዎቹ ላይ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ሲጋገር፣ ሙቀት በአግባቡ ወደ ውኃው አይተላለፍም፤ ፍሰቱም ይቆራረጣል። 1 ሊትር የሚያፈላ ማሽን ሥራውን ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ መጨረስ ሲገባው 10 ደቂቃና ከዚያ በላይ እየጎተተ ከሆነ፣ ቅርፊቱን ማስወገድ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ማሽኑ ንጹሕ ሆኖም ቡናው ከኮመጠጠ አፈጫጨቱን አንድ ደረጃ አድቅቁት። ይሁን እንጂ ሳይጠቁር የተቆላ ቡና በተፈጥሮው ፍራፍሬ የሚመስል ኮምጣጣነት አለው፤ ጣፋጭነት አብሮት ካለ ጉድለት አይደለም፤ እኔም የምወደው ጠባይ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ስኒ ቡና በአንድ ጊዜ መራራም ኮምጣጣም ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ አዎን፣ ይችላል። በምላጭ የሚፈጭ መፍጫ ዱቄትና ስብርባሪ ቀላቅሎ ያወጣል፤ ዱቄቱ ከመጠን በላይ ሲሟጠጥ ይመራል፣ ስብርባሪው ሳይሟጠጥ ቀርቶ ይኮመጥጣል። ጥርስ ያለው መፍጫ ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልላል። ሌላው ምክንያት ውኃው መሐል ላይ ብቻ እየወረደ ዳርና ዳሩን ሳያርስ መቅረቱ ነው። ሲያልቅ አተላውን ይመልከቱ፤ መሐሉ ጎድጉዶ ዳሩ ደረቅ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ውኃው መውረድ እንደ ጀመረ በማንኪያ ቀስ አድርገው ያማስሉት።

ጥያቄ፦ አዲሱ ማሽኔ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል።

መልስ፦ ቡና ሳይጨምሩ ውኃ ብቻ ሦስትና አራት ጊዜ ያፍሉበትና ይድፉት፤ ክዳኑንም ክፍት አድርገው ያሳድሩት።

ጥያቄ፦ በየወሩ በአቼቶ አጸዳዋለሁ፤ ሆኖም ቡናው የቆየ ዘይት ሽታ አለው። አቼቶውም ራሱ ጣዕሙ አይለቅም።

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። በማሽን ውስጥ ሁለት ዓይነት ቆሻሻ አለ። አንዱ የውኃው ነጭ ቅርፊት ሲሆን የሚሟሟው በአሲድ ነው። ሌላው የቡናው የራሱ ዘይት ነው፤ በማጣሪያው ቋት፣ በማንቆርቆሪያውና በክዳኑ ላይ ቡናማ ሆኖ ይለጠፍና በአየር እየተበላሸ ይሸታል። አቼቶ ይህን ዘይት አያነሣውም፤ ለእሱ የሚያስፈልገው የዕቃ ሳሙና ወይም በሙቅ ውኃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ነው። የሚፈቱትን ክፍሎች በየቀኑ በሳሙና ይጠቡ፤ የክዳኑን ጠርዝና ጠባቧን የመፍሰሻ ቀዳዳ አይርሱ፣ ሽታው የሚደበቀው እዚያ ነው። ለቅርፊቱ ደግሞ በአቼቶ ፋንታ ሽታ የሌለውን ሲትሪክ አሲድ ይጠቀሙ፤ የማሽኑ መመሪያ የሚያዝዘው ሌላ ነገር ከሆነ ግን መመሪያውን ይከተሉ። ከዚያም በንጹሕ ውኃ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያፍሉበት። አደራ የምለው፣ በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ፈጽሞ እንዳይቀላቅሉ ነው፤ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ስኒ ግሩም ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ያው ቡና አይጠጣም።

መልስ፦ ጥፋቱ ከማንቆርቆሪያው ሥር ያለው የማሞቂያ ሳህን ነው። ቡና ከፈላ በኋላ ሙቀት ላይ ሲቆይ መዓዛው ይተናል፤ ክዊኒክ አሲድ የሚባለው የቡና አሲድ መጠኑም እየጨመረ ሹል የሆነ ኮምጣጣነትና ምሬት ያመጣል። እንደ ፈላ ሳህኑን ያጥፉትና ቡናውን በሙቅ ውኃ በተለቀለቀ ፔርሙስ ያኑሩት። ቀዝቅዞ የቆየን ቡና እንደገና ማሞቅ ያንኑ ጉዳት ያፋጥነዋል።

ጥያቄ፦ መድኃኒት የሚመስል ጣዕም አለው። ማሽኑንም ቡናውንም ቀይሬ አልለቀቀም። የተጣራ ንጹሕ ውኃ ብጠቀምስ?

መልስ፦ ማሽኑም ቡናውም ተቀይሮ ካልለቀቀ የቀረው ውኃው ነው፤ የዚህ ጣዕም የተለመደ መንስኤም ክሎሪን ነው። በከሰል የሚሠራ የውኃ ማጣሪያ ይይዘዋል። ውኃውን ማፍላት ክሎሪንን ያስወጣል፤ ክሎራሚንን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋሕደው የሚሠሩትን የውኃ ማከሚያ) ግን በቀላሉ አያስወጣም። ማዕድኑ ሁሉ የወጣለት ውኃ ደግሞ ቡናውን ጎዶሎ ያደርገዋል፤ ጥሩ ጣዕም ለመሳብ መጠነኛ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያስፈልጋል። ከመጠን ያለፈ ከባድ ውኃም የቡናውን አሲድ አክሽፎ ጣዕሙን ያደበዝዘዋል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። 58 ግራም መዝኜ፣ ሸከር አድርጌ ፈጭቼ ሞከርሁት፤ ምሬቱ ቀንሷል፣ ግን ምላሴን ያደርቀዋል።

መልስ፦ ተቃርበዋል። ምላስ የሚያደርቀው የመጨረሻው ጠብታ ሊሆን ስለሚችል፣ ውኃው ከማሽኑ ታንክ ሲያልቅ አተላው እስኪንጠፈጠፍ ሳይጠብቁ ማንቆርቆሪያውን ያንሡና ሌላ ስኒ ከሥር ይደቅኑ። ያንን ስኒ ለብቻው ይቅመሱት፤ መራራና አድራቂ ሆኖ ካገኙት ይድፉት፤ ነገም በዚያው መጠን ሆነው አፈጫጨቱን አንድ ደረጃ ብቻ ሸከር ያድርጉት።