ስለ ማሽላ ሥርና ስለ አቀንጭራ፦ ለወሎ ወጣት ተመራማሪዎች

ደሴ፣ ወልድያና ሲሪንቃ ሆናችሁ የዕፅዋት ሳይንስ ለምትማሩና ምርምር ለጀመራችሁ ልጆቼ፤

የሥር ሆርሞን ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ በኦክሲን ተጀምሮ በኦክሲን ያልቃል። ኦክሲን ትልቅ ነገር ነው፤ ሥር ወደ ታች እንዲወርድ፣ የጎን ሥርም እንዲያወጣ የሚያደርገው እሱ ነው። እኔ የምመክራችሁ ግን ስትሪጎላክቶን የተባለውን ሌላ የሥር ሆርሞን እንድትይዙ ነው፤ ጥያቄው ራሱ ቆቦ ማሳ ላይ በቅሎ ይገኛልና።

ፎስፈረስ ያነሰው ማሽላ ስትሪጎላክቶን ከሥሩ ወደ አፈሩ ይለቃል። የሚለቀው ማይኮራይዛ የሚባለውን ፈንገስ ለመጥራት ነው፤ ፈንገሱ መጥቶ ፎስፈረስ ያቀብለዋል። ያው ንጥረ ነገር በተክሉ ውስጥ ቅርንጫፍ እንዳይበዛ የሚገታ ሆርሞን መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመገበው ጥገኛ አረም፣ አቀንጭራ፣ ደግሞ ይህን ጥሪ ይሰማል። ዘሩ ከ0.3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ስንቁ ትንሽ ስለሆነ በቅሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥር ካላገኘ ይሞታል። ስለዚህ ጥሪው እስኪደርሰው አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። አንዱ ተክል ዘሩን በአሥር ሺዎች ስለሚያፈስ፣ ሐምራዊ አበባው ከመውጣቱ በፊት ያልተነቀለ አቀንጭራ የብዙ ዓመት ዕዳ ነው። ማሳው የደኸየ ሲሆን አቀንጭራ የሚበረታውም ከዚሁ የተነሳ ነው፤ የተራበ ሥር አብዝቶ ይጣራል።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ሥራቸው ጭምር ነው። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች የዚህ ሥራ ፍሬ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ኤልጂኤስ1 የተባለው ዘረመል ተለየ፤ ይህ ዘረመል ሲጎድል ማሽላው የሚለቀው የስትሪጎላክቶን ዓይነት ይለወጣል፤ አዲሱ ዓይነት ደግሞ አቀንጭራን የመቀስቀስ ኃይሉ ደካማ ነው። የጥሪው መጠን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም ወሳኝ መሆኑን ልብ በሉ።

አሁን ወደ እጅ ሥራው፤ የአቀንጭራ ዘር ለጥሪው መብቀሉን የምትፈትኑት እንዲህ ነው። የአቀንጭራ ዘር ከተሰበሰበ በኋላ ለወራት ደርቆ ካልቆየ በደንብ አይበቅልም። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጁን ከአራት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሉና ዘሩን ለሦስት ደቂቃ ያህል እጠቡት፤ ከዚያ በተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። በትናንሽ ክብ የማጣሪያ ወረቀቶች ላይ በትናችሁ፣ አርጥባችሁ፣ ሳህኑን በፎይል ሸፍናችሁ በ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ10 እስከ 14 ቀን አቆዩት። ይህ የመዘጋጃ ጊዜ ካጠረ ዘሩ ጥሪ አይሰማም፤ በጣም ሲረዝም ደግሞ ተመልሶ ይተኛል። ብዙ ጀማሪ «ዘር ቀስቃሹ መድኃኒት አልሠራም» የሚለው እዚህ ላይ ስቶ ነው።

ማነጻጸሪያ ይሆናችሁ ዘንድ ጂአር24 የሚባለውን ሰው ሠራሽ ስትሪጎላክቶን ተጠቀሙ። 2.98 ሚሊ ግራሙን በ10 ሚሊ ሊትር አሴቶን ስታሟሙ 1 ሚሊ ሞላር ይሆናል፤ ከዚያ 10 ማይክሮ ሊትር ወስዳችሁ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ስታቀጥኑ 0.1 ማይክሮ ሞላር ታገኛላችሁ። ውሃ ውስጥ እየፈረሰ ስለሚሄድ የቀጠነውን በዕለቱ አዘጋጁ። ወረቀቱ የያዘውን ትርፍ ውሃ ሳታስወግዱ ብትጨምሩበት መጠኑ በግማሽ ሊወርድ ይችላል። ሌላ ወረቀት ላይ ያንኑ ያህል አሴቶን ያለበት ውሃ ብቻ አድርጉ። እሱ ላይ ዘር ከበቀለ የቀኑን ሥራ በሙሉ ጣሉት፤ ዕቃችሁ ተበክሏል። ቆጠራው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ በማይክሮስኮፕ ነው፤ ቆጣሪው የትኛው ሳህን የምን እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል።

ጂአር24 መግዛት ካልቻላችሁ የአጋር (ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ የሚረጋ ነገር) ዘዴ አለላችሁ። የተዘጋጀውን ዘር 0.7 በመቶ የውሃ አጋር ውስጥ ቀላቅላችሁ አፍስሱ፤ ሳይረጋ የበቀለ የማሽላ ፍሬ ጠርዙ ላይ አድርጉና ሥሩን ወደ መሐል አዙሩት። ከሦስት እስከ አምስት ቀን በኋላ ከሥሩ እጅግ ርቆ የበቀለው አቀንጭራ ስንት ሚሊ ሜትር ላይ እንዳለ ለኩ። ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ያ ማሽላ ጥሪው ዝቅተኛ ነው ይባላል። ይህ ግን ሳህን ላይ ነው። ማሳ ላይ የሚቋቋም ማሽላ ሥሩን በሌላ መንገድም ሊከላከል ስለሚችል፣ በአጋር ብቻ ዝርያ አትጣሉ፤ አታንግሡም።

አደራ የምላችሁ፦ ዘሩን በጫማና በልብስ ይዛችሁ ወደ ንጹሕ ማሳ አትግቡ። የሠራችሁበትን ሁሉ በአውቶክሌቭ (በታመቀ እንፋሎት በሚቀቅል ዕቃ) ቀቅላችሁ ጣሉ። የዘሩን ከረጢት ላይ ቦታውን፣ የተነቀለበትን ሰብልና ዓመቱን ጻፉ፤ ካንድ አካባቢ የመጣ አቀንጭራ ከሌላው በጠባይ ይለያልና።

ለመጀመሪያ ሥራችሁ ይህን እመክራለሁ። እንደ ደጋሊት ያለ ያገር ማሽላ በታጠበ አሸዋ ላይ ዝሩ፤ ግማሹን ሙሉ ምግብ፣ ግማሹን ፎስፈረስ የተቀነሰበትን ስጡት። ከየማሰሮው ሥር የሚወርደውን ውሃ አጠራቅማችሁ በተዘጋጀው አቀንጭራ ላይ ጠብ አድርጉ። ማሽላ የሌለበት ማሰሮም አብሮ ይኑር፤ ከአሸዋው የሚወጣው ውሃ ለብቻው ምን እንደሚያደርግ የሚነግራችሁ እሱ ነው። የሥሩንም ክብደት መዝኑ፤ የተራበው ተክል ሥሩ በመጠን ስለሚለይ፣ ጥሪው በአንድ ግራም ሥር ሲሰላና በአንድ ማሰሮ ሲሰላ የተለያየ መልስ ሊሰጣችሁ ይችላል።