ድንች በጓሮ ከመትከል በፊት፦ ከሐረርና ከድሬዳዋ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በሐረርና በድሬዳዋ በግቢያቸው ድንች ለመትከል ያሰቡ ነዋሪዎች፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ በድንች ልማት ላይ ለረጅም ጊዜ የሠሩ ባለሙያን ጠይቀዋል። ጥያቄዎቹና መልሶቹ የሚከተሉት ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የምኖረው ሐረር ነው፤ እህቴ ደግሞ ድሬዳዋ ናት። ሁለታችንም በአንድ ሳምንት ለመትከል ተስማምተናል። ያስኬዳል?

መልስ፦ አብራችሁ መጀመራችሁ የሚያስደስት ነው፤ ጊዜውን ግን መለየት ይኖርባችኋል። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድንች ከመሬት በታች ፍሬውን በደንብ የሚቋጥረው ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል፣ ማለትም ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን ነው፤ ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ቅጠሉ እየለመለመ ከሥር የሚገኘው ፍሬ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ አንቺ ሐረር ላይ ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ ከበልጉ ዝናብ ጋር፣ ወይም በሰኔ መትከል ትችያለሽ። እህትሽ ግን ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ተክላ፣ ፍሬው በታኅሣሥና በጥር ቅዝቃዜ እንዲቋጥር ብታደርግ ይሻላል። በሌላው ወራት ድሬዳዋ ላይ ጉልበትና ውሃ ማፍሰስ ካስፈለገ ስኳር ድንች ሙቀቱን የበለጠ ስለሚችል እርሱን እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ ለዘር የሚሆነውን ከሸዋ በር ገበያ ለወጥ ከሚሸጠው ድንች ብገዛ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄዎች ይህን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም ዘሩ ከተበላሸ ፍግም ሆነ ውሃ አያድነውም። ድንች የሚተከለው ከራሱ ከድንቹ ስለሆነ፣ እናት ተክሉን ያጠቃው ቫይረስና አጠውልግ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ በዘሩ ውስጥ ተደብቆ ወደ ጓሮ ይገባል። አጠውልግ አንዴ ከገባ በአፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ገበሬ ቦታ ሊቀይር ይችላል፣ አንድ ጓሮ ብቻ ያለው ሰው ግን የሚሄድበት የለውም። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ዘር ድንች ከሚያመርቱ ገበሬዎች ወይም ማኅበራት፣ ዝርያውን ጠይቃችሁ ግዙ። ጉዴኔና በለጠ በአገሪቱ በስፋት የሚታወቁ የተሻሻሉ ዝርያዎች ናቸው፤ ቡቡ የተባለው ደግሞ እዚሁ ጎረቤታችን ባለው በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው።

ከገበያ ከመግዛት ሌላ አማራጭ ከሌለ፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህሉ፣ ልጣጫቸው ያልቆሰለና ከአንድ ሻጭ የመጡ ድንቾችን ምረጡ። ከመካከላቸው ጥቂቶቹን ለሁለት ቆርጣችሁ ተመልከቱ፤ ከልጣጩ ሥር ባለው ቀለበት ላይ ቡናማ ቀለም ወይም ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከታየ ሁሉንም ለዘር አትጠቀሙበት። በኋላም በጓሮ ውስጥ አንድ ተክል ውሃ ሳይጎድልበት በድንገት ከጠወለገ፣ ግንዱን ከሥሩ ቆርጣችሁ ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሉት። ነጭ ክር የመሰለ ነገር ወደ ታች ከወረደ አጠውልግ ነውና ተክሉን በዙሪያው ካለው አፈር ጋር ነቅላችሁ አስወግዱ።

ጥያቄ፦ ዘሩን ገዝቻለሁ፤ ነገር ግን አንድም ቡቃያ አላወጣም። ልትከለው?

መልስ፦ አይሆንም፣ እህቴ፣ ትንሽ ታገሺው። ድንች ከተቆፈረ በኋላ እንደ ዝርያው ሁለትና ሦስት ወር ያህል ያንቀላፋል፤ በዚህ ጊዜ ቢተከል በእርጥብ አፈር ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል፣ ቢበቅልም አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ይወጣል። ዘሩን በሣጥን ወይም በቆጥ ላይ ከሁለት ድርድር ሳይበልጥ ዘርግተሽ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው ነገር ግን ብርሃንና ነፋስ የሚደርስበት በረንዳ ላይ አስቀምጪው። ጨለማ ውስጥ የሚያጎነቁል ድንች ረጅም፣ ነጭና ሲነኩት የሚሰበር ቡቃያ ያወጣል፤ በብርሃን ያጎነቆለው ግን አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ቡቃያ ይኖረዋል። ቡቃያዎቹ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ሲደርሱ ለመትከል ደርሷል ማለት ነው። በብርሃን ምክንያት ልጣጩ አረንጓዴ መሆኑ ለዘር ጉዳት የለውም፤ ለምግብ ግን መርዛማ ስለሆነ ልጆች ወደ ድስት እንዳያስገቡት ተጠንቀቂ።

ጥያቄ፦ ዘሩ እንዲበረክትልኝ ቆርጬ ብተክለውስ?

መልስ፦ ትልልቅ ከሆኑ ይቻላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ ሁለት ዓይን ይኑረው፣ ቁስሉም በጥላ ሁለትና ሦስት ቀን ይድረቅ። ቢላዋው ግን በሽታን ከአንዱ ድንች ወደ ሌላው ስለሚያሻግር፣ ለጓሮ ያህል ትንንሹን ሙሉውን መትከል እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ገራባ፣ ማለትም የጫት ትራፊ፣ ይተርፈናል፤ አመድም አለ። ሁለቱንም መሬቱ ላይ ብበትነው ድንቹ ይወደዋል?

መልስ፦ ገራባውን ፍየል ካልወሰደው ጥሩ የብስባሽ ግብዓት ነው፤ ሆኖም ከፍግና ከአፈር ጋር ተደባልቆ፣ እየረጠበና እየተገላበጠ ሙሉ በሙሉ ከበሰበሰ በኋላ ብቻ ይጨመር። ያልበሰበሰ ፍግና ቅጠል በድንቹ አጠገብ ሲብላላ ሥሩን ያቃጥላል፣ ትልም ይጠራል። አመዱን በተመለከተ እጅን መሰብሰብ ይሻላል። ድንች በመጠኑ አሲዳማ የሆነ አፈር የሚስማማው ሲሆን፣ አመድ ሲበዛ አሲዱን ስለሚቀንስ ልጣጩን እንደ እከክ የሚያሻክረው በሽታ ይበረታል። መሬቱን ከመትከላችሁ ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍሩ፤ ድንጋዩን ልቀሙ፣ አፈሩ ለስላሳ ሆኖ ውሃ የማይተኛበት ይሁን።

ጥያቄ፦ ያለኝ ቦታ 4 ሜትር በ3 ሜትር ነው። ስንት ኪሎ ዘር ልግዛ?

መልስ፦ 3 ኪሎ ይበቃዎታል። በትልሞቹ መካከል 75 ሴንቲ ሜትር፣ በተክሎቹ መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ሲተው አራት ትልምና በጠቅላላው 52 ገደማ ተክል ይሆናል፤ አንዱ ዘር 50 ግራም ቢመዝን 2.6 ኪሎ ነው። ትልሙን ማቀራረብ ያጓጓል፣ ግን ተክሉ አንድ ስንዝር ሲደርስና ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ አፈር የሚያስታቅፉት ከዚያ ክፍተት እየዛቁ ነው። አፈር ያልታቀፈ ድንች ፀሐይ ነክቶት አረንጓዴ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ጁገል ውስጥ ነኝ፤ ግቢዬ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው።

መልስ፦ እናቴ፣ ባዶ ማዳበሪያ ካለዎት ይበቃል። ከታች ቀዳዳ አብጅተው፣ አፉን ወደ ውጭ ጠቅልለው ሲሶውን በአፈርና በብስባሽ ይሙሉ፤ ሁለት ወይም ሦስት ዘር ይቅበሩና ተክሉ ባደገ ቁጥር ጥቅልሉን እየፈቱ አፈር ይጨምሩ። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ጥላ የሚጥልበት ቦታ ይምረጡ፤ ማዳበሪያ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይደርቃል።

ጥያቄ፦ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ድንቹ ይታገሣል?

መልስ፦ በተለይ በአበባው ወቅት ጥማት አይችልም፤ ፍሬ የሚቋጥርበት ጊዜ በዚያው ገደማ ነውና ያጠራቀማችሁትን ውሃ ለእነዚያ ሳምንታት አቆዩ። መሬቱን በደረቅ ሣር መሸፈንም እርጥበቱን ያቆያል፣ አፈሩንም ያቀዘቅዛል። ልብስ የታጠበበትን የሳሙና ውሃ ግን አታጠጡት።

ጥያቄ፦ ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ድንች በነሐሴ ቅጠሉ ጠቁሮ በሳምንት ውስጥ አለቀ። ከወዲሁ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህ ምች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በአየርላንድ ታላቅ ረሃብ ያስከተለው በሽታ እርሱ ነበር። ቅዝቃዜና ተከታታይ ዝናብ ሲገናኙ ይስፋፋል። በሽታውን የመቋቋም አቅም ያለው ዝርያ ምረጥ፣ ርቀቱን ጠብቀህ ትከል፣ ካለፈው ዓመት በራሱ የበቀለውን ድንች ንቀል። ማንኮዜብን የመሰለ መድኃኒት የሚሠራው ቅጠሉ ሳይታመም አስቀድሞ ሲረጭ ነው፤ መጠኑንና ከርጭት በኋላ የሚጠበቀውን ቀን ከእሽጉ ላይ አንብብ። አለዚያ ደግሞ ውሃ ካለህ በበልግ ተክለህ የነሐሴ ዝናብ ሳያገኘው አውጣው።

ጥያቄ፦ አምና ቲማቲም የነበረበት መደብ ላይ ልትከል?

መልስ፦ አትትከል። ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ስለሆኑ በሽታቸውም የጋራ ነው። ዘንድሮ እዚያ ላይ ባቄላ፣ በቆሎ ወይም ሽንኩርት ዝራበት፤ ድንቹን ቢያንስ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ መልሰው።