«ውሃ ቀንሼ የተከልኩትን ሩዝ አረም ዋጠው» ላልከው ወንድማችን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ሩብ ሄክታር ማሳ አለህ፤ ውሃ በቦይ በተራ ይደርስሃል፤ SRI በሚባለው ውሃ ቆጣቢ የሩዝ አተካከል ዘዴ የ10 ቀን ችግኝ አንድ በአንድ በ25 ሳ.ሜ. ርቀት ተክለሃል። ከተተከለ 20 ቀን ሆነው፣ አረሙ ሩዙን በለጠው። ያሠለጠነህ ቢሮ ሄደህ ስትጠይቅ «በወረቀቱ መሠረት አልሠራህም» ብለው መለሱህ። አሁን የቸገረህ ውሃ ሞልተህ አረሙን ማፈን ነው ወይስ ገልብጠህ አርሰህ እንደገና መጀመር። ሁለቱም አይሁን። በ20 ቀኑ አረም የበለጠው ሩዝ ይድናል። በ40 ቀኑ ቢሆን ኖሮ ግን የጎን ቡቃያ የሚያወጣበት ጊዜ አብዛኛው አልፎበት ነበር፤ ስለዚህ የዚህን ሳምንት ሥራ አስቀድማለሁ።

ውሃ መሙላቱ ለምን እንደማይሠራ ልንገርህ። የቆመ ውሃ የሚከለክለው የአረም ዘር እንዳይበቅል ነው፤ አብዛኛው የአረም ዘር ለመብቀል አየር ይፈልጋል። አንዴ በቅሎ ቀና ያለ ሣር ግን ቅጠሉ ከውሃው በላይ ስለሚውል አይታፈንም። የሚጎዳው ገና ያልተንሰራፋው ያንተ ችግኝ ነው።

1. መጀመሪያ በእጅህ አርም፣ ግን ሁሉንም አይደለም። ከእያንዳንዱ ሩዝ እግር ዙሪያ ያለውን ብቻ ንቀል፤ በመስመሮቹ መካከል ያለውን መሣሪያው ይሠራዋል። እዚህ ላይ ሩዝ የሚመስል ሣር አለ፤ ብዙ ሰው እሱን ትቶ ሩዙን ይነቅላል። ስትጠራጠር ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበትን ቦታ ገለጥ አድርገህ እይ። ሩዝ እዚያ ላይ ስስ ነጭ ሽፋንና ፀጉር ያለባቸው ትንንሽ ጆሮዎች አሉት፤ አስመሳዩ ሣር ሁለቱም የሉትም፣ መገናኛው ልሙጥ ነው። እንግጫ ካገኘህ ከነኮረቱ አውጣው፤ ላዩን ብቻ ከቆረጥከው ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይመጣል።

2. ቀጥሎ ከ2 እስከ 3 ሳ.ሜ. ውሃ አስገባና የሚገፋውን ተሽከርካሪ የአረም መኮትኮቻ ይዘህ ግባ። የውሃው ልክ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ጭቃው ከደረቀ ጥርሱ ላይ ላዩን ይንሸራተታል፤ ውሃው ከበዛ ደግሞ መሬቱን አይጨብጥም፣ አረሙንም ሳይቀብር ያልፈዋል። ወደፊት ገፋ፣ መለስ አድርገህ ሳብ፣ እንደገና ገፋ። በአንዱ አቅጣጫ ስትጨርስ በመስቀለኛው ድገመው። ከስንዝር በላይ የሆነ አረም መሽከርከሪያው ላይ ይጠመጠማል፤ እሱን አስቀድመህ በማጭድ አሳጥረው። ስትሠራ የውሃ መውጫውን ዝጋ፤ የተገለበጠው አረም እዚያው በስብሶ ለሩዙ ምግብ ይሆናል።

3. በየ10 ቀኑ ድገመው፣ ቅጠሉ ተገናኝቶ መሬቱን እስኪሸፍን ድረስ። ለሚቀጥለው ወቅት ደግሞ የመጀመሪያው ዙር ከተከላው በኋላ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ቀን ባለው ጊዜ መሠራት አለበት፣ አረም ለዓይን ባይታይም። «ገና አረም የለም» ተብሎ የሚታለፈው ያ ሳምንት ነው ማሳህን ያስበላው። በዚያ ጊዜ አረሙ ክር ያህል ስለሆነ አንዴ ስትገፋ ያልቃል፤ በ20 ቀኑ ያው ሥራ እጥፍ ድርብ ጉልበት ይበላል።

ይህ ነጥብ ከሌላው ሁሉ ስለሚበልጥብኝ ቁጥሩን ትቼ እዚህ ላይ ልቆይ። ሩዝ ውሃ ውስጥ የሚኖረው ከቅጠሉ ወደ ሥሩ አየር የሚያወርድ መንገድ በግንዱ ውስጥ ስላለው ነው። ውሃ ካልተኛበት የማያድግ ተክል አይደለም። ገበሬ ማሳውን በውሃ ሞልቶ የኖረበት አንዱ ትልቅ ምክንያት አረምን ለመከልከል ነው። ውሃውን የቀነሰ ሰው ደመወዝ የማይጠይቅ አራሚውን አሰናብቷል፤ በቦታው ማን እንደሚገባ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ሒሳቡን እንሥራው። በ25 ሳ.ሜ. ርቀት ሩብ ሄክታር ላይ 40,000 ችግኝ ይቆማል። የአንድ አቅጣጫ መስመሮች ቢደመሩ 10 ኪሎ ሜትር ናቸው፤ በሁለቱም አቅጣጫ 20። ሦስት ዙር ማለት ጭቃ ውስጥ መሣሪያ እየገፉ 60 ኪሎ ሜትር መሄድ ማለት ነው። ይህን ጉልበት ከየት እንደምታመጣ ሳታውቅ ውሃውን አትቀንስ።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፦ ዘዴውን የሚያስተዋውቁት ወረቀቶች «ትንሽ ዘር፣ ትንሽ ውሃ፣ ብዙ ምርት» ብለው በትልቁ ይጽፉና አረምን በአንድ መስመር ያልፉታል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማዳጋስካር ውስጥ፣ አንሪ ደ ሎላኒዬ የተባሉ ፈረንሳዊ ካህን ከአነስተኛ ገበሬዎች ጋር ሲያዳብሩት ኩትኳቶው የሥራው አካል ነበር። ተሽከርካሪው መሣሪያ አረሙን ከመቅበሩም በላይ አፈሩን ይከፍታል፣ ለሥሩ አየር ያስገባል። እሱን ቆርጦ አውጥቶ ውሃ ቀንስ ብቻ ብሎ ገበሬ መስደድ፣ ሳይሆን ሲቀርም ገበሬውን መውቀስ ተገቢ አይደለም። በወቅቱ የተኮተኮተ ማሳ ውስጥ ከአንዲት ፍሬ የበቀለ አንድ እግር ሩዝ 30 እና ከዚያ በላይ ግንድ ይዞ ሲቆም ማየት ግን የሚያኮራ ነገር ነው። ዘዴው የሚሠራ ዘዴ ነው።

ለቀሪው ወቅት ስለ ውሃው። ውሃ በተራ ስለሚደርስህ በግምት አትሥራ። 30 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ፈልግ፤ የታችኛውን 20 ሳ.ሜ. በመሰርሰሪያ ዙሪያውን ቀዳዳ በቀዳዳ አድርገውና እስከዚያ ድረስ መሬት ውስጥ ቅበረው። ውስጡ የገባውን አፈር አውጣ። ከክትሩ ራቅ ያለ፣ መላ ማሳውን የሚወክል ቦታ ይሁን። በቱቦው ውስጥ የሚታየው ውሃ ከመሬቱ ወለል 15 ሳ.ሜ. ሲወርድ አጠጣ። ላዩ ደርቆ ቢታይህም ሥሩ ገና ውሃ ያገኛል። ቀጣዩ ተራህ ውሃው 15 ሳ.ሜ. ካለፈ በኋላ የሚደርስ ከሆነ ግን አትጠብቅ፣ 10 ሳ.ሜ. ላይ ሳለም ተራህ ከደረሰ ውሰድ። ይህ ማድረቅ ማርጠብ ከአበባ በፊት አንድ ሳምንት ሲቀረው ይቆማል። ከዚያ አንስቶ አበባው እስኪያልፍ ድረስ እስከ 5 ሳ.ሜ. ውሃ ይቁምበት፤ በዚህ ጊዜ ሩዝ ከተጠማ ዘለላው ባዶ ገለባ ይሆናል። ለአጨዳ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀር ውሃውን ጨርሰህ አውጣ።

ዩሪያ የምትጠቀም ከሆነ ማሳው ጠፈፍ ባለበት ሰዓት በትነህ ወዲያው አጠጣ፣ ውሃው ይዞት ወደ ሥሩ ይውረድ። ዩሪያ ጨምሮ ማሳውን ማድረቅ፣ ከዚያ እንደገና በውሃ መሙላት ናይትሮጅኑን ወደ አየር መሸኘት ነው። ቅጠል ቢጫ ሲሆንም ዩሪያ ለመጨመር አትቸኩል። ቢጫው ከታች ካሉት ያረጁ ቅጠሎች ከጀመረ የናይትሮጅን እጥረት ሊሆን ይችላል። አዲሱ ቅጠል ነጣ ካለና አፈርህ ጨዋማ ያልሆነ ግን ኖራ የበዛበት ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የብረት እጥረት ነው፤ አፈር ሲደርቅ ብረቱን ሥሩ ማግኘት ያቅተዋል። መፍትሔው ማሳው ላይ ለጥቂት ጊዜ ውሃ አቁሞ ማቆየት ነው።

ለሚቀጥለው ወቅት አንድ ነገር ብቻ ማሻሻል ብትችል ማሳህን ደልድል። አንዱ ጥግ ከሌላው 5 ሳ.ሜ. ከፍ ያለ ከሆነ 2 ሳ.ሜ. ውሃ መያዝ አይቻልም፤ ከፍታው አረም ያበቅላል፣ ዝቅታው ችግኝ ያሰጥማል። ጭቃውን አቡክተህ ስስ ውሃ ልቀቅበት፤ ከውሃው በላይ ብቅ ያለው መሬት ራሱ ይነግርሃል። ጣውላ እየጎተትክ ጭቃውን ወደ ዝቅታው ውሰድ። ከዚያ ጭቃው እንዲረጋ ትተህ፣ ውሃውን አውጥተህ፣ በየ25 ሳ.ሜ. ጥርስ ባለው የእንጨት መስመር ማውጫ በሁለቱም አቅጣጫ ጎትት። መስመሩ ወዲያው ከተደፈነ ጭቃው ገና ነው፣ አንድ ቀን ጠብቅ። ተከላው መስመሮቹ በሚቋረጡበት ነጥብ ላይ ነው። በገመድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተተከለ ማሳ በመስቀለኛው መኮትኮት አይቻልም፣ ግማሹ አረም በእጅ ይቀርሃል።

ዘሩ ለሩብ ሄክታር ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ይበቃል፤ የችግኝ መደቡ 25 ካሬ ሜትር ነው። እንቁላል የሚያንሳፍፍ የጨው ውሃ ውስጥ ዘሩን ጨምርና የተንሳፈፈውን ጣል፣ የሰጠመውን በንጹህ ውሃ በደንብ እጠብ። 24 ሰዓት ዘፍዝፈህ፣ 24 ሰዓት በእርጥብ ጨርቅ አፍነህ፣ ማጎንቆል ሲጀምር ዝራ። ችግኙ ሁለት ቅጠል ሲያወጣ፣ ከ8 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ፣ በአካፋ ከነአፈሩ አንሳው፤ በጣት አትንቀል። ፍሬው ከሥሩ ላይ እንዳይላቀቅ ተጠንቀቅ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይተከል። ከ1 እስከ 2 ሳ.ሜ. ጥልቀት ወደ ጎን እያንሸራተትክ አስገባው። ወደ ታች ከወጋኸው የሥሩ ጫፍ ወደ ላይ ይታጠፍና እስኪስተካከል ብዙ ቀን ይቆማል።

ማሳህ ውሃ የሚተኛበትና ማፍሰሻ የሌለው ከሆነ፣ ወይም አፈሩ ጨው የሚያወጣ ከሆነ ይህን ዘዴ ተወው። እጥፍ ምርት የሚሉትንም እንደ ቃል ኪዳን አትውሰደው፤ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሳይንቲስቶች ራሳቸው የተከራከሩበት ነው።

የአረም መሣሪያውን ከመግዛትህ በፊት የሚሠራበትን ስፋት በሜትር ለካ። ለ25 ሳ.ሜ. መስመር ከ15 እስከ 18 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ይሁን። ከዚያ የሰፋው የሩዙን ሥር ይቆርጣል፤ የጠበበው ደግሞ በየመስመሩ ሁለት ጊዜ ያመላልስሃል።