ሁለት ዲግሪ ወይስ አንድ የሳይንስ ዲግሪ?

ውድ ተማሪዎች፣

ሳይንስን ከሕግ፣ ከምህንድስና ወይም ከንግድ ሥራ ጋር ደርባችሁ ለመማር ስታስቡ መጀመሪያ ሂሳቡን አጥሩ። እያንዳንዳቸው ሦስት ዓመት የሚፈጁ ሁለት ዲግሪዎች ተደርበው በአራት ወይም በአምስት ዓመት ሲያልቁ ትርፍ ይመስላል። የተቀነሰው ጊዜ ግን በአብዛኛው የምርጫ ኮርሶች ጊዜ ነው፤ አንዱ ዲግሪ የሌላውን ክፍት ቦታ ይሞላዋል።

የሳይንስ ተማሪ ከጓደኞቹ የሚለየው ደግሞ በዚያ ክፍት ቦታ ባስገባው ነገር ነው። የባዮሎጂ ተማሪ ስታቲስቲክስና ፕሮግራሚንግ፣ የፊዚክስ ተማሪ ተጨማሪ ሂሳብ፣ ሁሉም በመጨረሻው ዓመት የምርምር ሥራ። ፒኤችዲ የምታስቡ ይህን የመጨረሻውን በምንም አትለውጡት። ላብራቶሪ ውስጥ ስትሠሩ ያያችሁ መምህር የሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ ከሁለተኛው ዲግሪ ይበልጥ ይረዳችኋል።

የሁለቱንም ፕሮግራሞች የኮርስ ዝርዝር አውጡና በአንድ ወረቀት ላይ ሴሚስተር በሴሚስተር ደልድሉ፤ ከመጨረሻው ዓመት ተነሥታችሁ ወደ ኋላ። ኳንተም ሜካኒክስ ሊኒየር አልጀብራና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ይፈልጋል፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ደግሞ ካልኩለስን። በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ኮርስ የላብራቶሪ ሰዓቱ ከሌላው ፋኩልቲ ግዴታ ትምህርት ጋር ከተጋጨ፣ የሚያልፋችሁ አንድ ሴሚስተር ሳይሆን ሙሉ ዓመት ነው። ጎበዝ ተማሪም የሚዘገየው በዚህ ነው።

ጫናውንም በሰዓት ቁጠሩት። በአውሮፓ የክሬዲት አቆጣጠር የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት 60 ክሬዲት ነው፤ አንድ ክሬዲት ንባቡን ጨምሮ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ይወስዳል። በዓመት 15 ክሬዲት ብትጨምሩ ከ375 እስከ 450 ሰዓት ጨመራችሁ ማለት ነው። ክረምቱን ካልነካችሁ ከእንቅልፍ ነው የሚወጣው።

ታዲያ መደረብ መቼ ያዋጣል? ሁለተኛው ሙያ ያለ ዲግሪ ፈቃድ የማይሰጥበት ሲሆን፣ እንደ ሕግ ወይም ምህንድስና፣ እናንተም በእርግጥ ልትሠሩበት ስታስቡ። ለንግድ ሥራ ወይም ለኮምፒውተር ግን ማይነር (ከዋናው ዲግሪ ጎን የሚያዝ አነስ ያለ የኮርሶች ስብስብ)፣ አለዚያም ኋላ የሚያዝ ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ከመመዝገባችሁ በፊት ሬጅስትራሩን በጽሑፍ ጠይቁ፦ አንዱን ባቋርጥ በሌላው ብቻ እመረቃለሁ? ለመቆየት ስንት ጂፒኤ ያስፈልጋል? የምርምር ዓመቱ ለተደራቢ ተማሪ ክፍት ነው? አሁንም ካመነታችሁ፣ በመጀመሪያው ዓመት ለሁለቱም የሚቆጠሩትን ኮርሶች አስቀድሙ፤ ለሳይንሱ ካልኩለስን አታሳድሩ።